ሐዋሳ ላይ ቪዲዮና ጽሑፍ የሚሰሩ ልጆች ለምን ጥለውን ይሄዳሉ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ከልቤ መልስ ፈልጌ ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ እዚህ ሐዋሳ አንድ ፕላትፎርም ከፈትን። ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን አልጠራም። የሐዋሳና የአካባቢዋ ሰው የሚያውቀውን ነገር በአጭር ቪዲዮ ወይም በጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ቡርሳሜ የሚባለው የሲዳማ ምግብ እንዴት እንደሚሰራ የምታሳይ እናት። የባጃጁ ሞተር ሲግል ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ሹፌር። ከታቦር ተራራ በየትኛው በኩል መውጣት እንደሚቀል የሚያሳይ ተማሪ። ስለ ሐዋሳ ስልካችሁ ላይ ፈልጉና እዩ። የሚመጣው የሆቴል መዋኛና ሐይቁ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ከተማዋ ውስጥ ያለው እውቀት የለም። እሱ ነው ያነሳሳን።

በእግራችን ዞርን። ፒያሳ፣ አቶቴ፣ መናኸሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ። ወረቀት አሳትመን በየሱቁ ለጠፍን። እስከ ታኅሣሥ 143 ሰው ተመዘገበ። ከነሱ 61ዱ ቢያንስ አንድ ነገር አወጡ። ከአምስት በላይ ያወጡት 9 ናቸው። ዛሬ የቀሩት 4 ሲሆኑ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት።

ጥር ላይ ውድድር አዘጋጀን። ብዙ ለታየ ቪዲዮ 8,000 ብር። ገንዘቡን ከደመወዛችን ነው ያዋጣነው። በአንድ ሳምንት 74 ቪዲዮ ገባ። በጣም ደስ አለን። ብዙዎቹ ግን የቲክቶክ ምልክት ያለባቸው፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ነበሩ። ሽልማቱ በተሰጠ ማግስት ሁሉም ዝም አለ። በቀጣዩ ሳምንት የገባው 3 ብቻ ነው። አሸናፊውን ደውዬ ምነው ጠፋህ ስለው «ሌላ ውድድር ሲኖር ንገሪኝ» አለኝ። ያ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ለ17 ሰው ደወልኩ። 11ዱ «ጊዜ የለኝም» አሉኝ። ግን ብዙዎቹን ሌላ ቦታ ላይ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ጊዜማ አላቸው። እኔን ላለማስከፋት ብለው ነው። ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። ሰው ቤትሽ መጥቶ ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ «በጣም ይጣፍጣል» ይላል፤ ከዚያ ሁለተኛ አይመጣም። እዚህ ፊቴን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው የጻፍኩት። እዚህ ማንም ሊያባብለኝ አይገደድም።

ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ የምትሰሩ ሰዎች፣ አንድን ቦታ እንድትተዉ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው? እንድትቆዩ የሚያደርጋችሁስ?

የአሞራ ገደል ልጅ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፕላትፎርማችሁን አውቀዋለሁ። ከ61ዱ አንዱ ነኝ። ደውለሽልኝ ጊዜ የለኝም ካሉሽ ውስጥም አለሁበት። ፊት ለፊት ብንገናኝ ዛሬም የምልሽ እንደዚያው ነው። እዚህ ግን እውነቱን ልንገርሽ።

ሥራዬ ዓሣ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ። ማታ የጣልነውን መረብ ጎህ ሲቀድ እናወጣለን። አሞራ ገደል ስንደርስ ቆሮሶውን ለብቻ፣ አምባዛውን ለብቻ እንለያለን። እጄ እርጥብ ነው፣ ቅርፊት በቅርፊት ነው። ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ነበር የምቀርጸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሃል ሲገቡብኝ ደግሞ እንደገና። ማታ ቤት ገብቼ ኤዲት አደርጋለሁ። የሌሊት ፓኬጅ እስኪጀምር ጠብቄ እጭናለሁ። ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሲደመር ሦስት ሰዓት ይበላል።

እንዲህ አድርጌ ስድስት ሰራሁ። የመጨረሻው የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ እንዴት እንደምለይ የሚያሳይ ነው። ስድስተኛው ላይ አንድ የዲላ ሰው ጠየቀኝ። «ወንድም፣ ይሄ ቢላዋ የት ይገኛል? የኔ ሥጋውን ይቦጫጭቀዋል» ይላል። ይሄን ጥያቄ ያየሁት በስንተኛው ቀን ይመስልሻል? በ19ኛው። ስልኬ ላይ ምንም አልመጣም። እኔ ማንም አላየኝም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ደግሞ ጠይቆ መልስ የነፈግኩት መስሎታል። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ሳንገናኝ ቀረን።

ያን ቀን አፑን ከስልኬ አጠፋሁት። መልሱን እንኳ አልጻፍኩለትም። አፈርኩ መሰለኝ።

ብር ስላልከፈላችሁኝ አይደለም። ስገባ እንደማትከፍሉ አውቅ ነበር። ውድድሩ ግን ቅር አሰኝቶኛል። አራተኛ ቪዲዮዬን ባወጣሁ በሁለተኛው ቀን ነው የጀመራችሁት። ሳምንቱን ሙሉ ዳንስና ቀልድ ከላይ ተደርድሮ የኔ ከሥር ተቀበረ። ስትለፉ የነበራችሁት እኛን ለማግኘት ነበር። ካገኛችሁን በኋላ አዲስ ሰው ፍለጋ ሄዳችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው። ቅር አይበልሽ።

አሁን ቴሌግራም ላይ 380 ሰው ያለበት ቡድን አለኝ። ጠዋት ቪዲዮ አወጣለሁ። አንዷ ሴትዮ «ዛሬ አምባዛ አለ?» ትላለች። አለ እላታለሁ። በቴሌብር ትልካለች፣ ባጃጅ ያደርስላታል። ማን እንደሚያየኝ በስም አውቃለሁ። እዚያ ማንም ቆይ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ቆይቻለሁ።

አዳማ ጥገና

ከአዳማ ነኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ስለ ጥገናም ዩቲዩብ ላይ እሰራለሁ። ወንድሜ የጻፈውን ወድጄዋለሁ። «ብር አይደለም» ያለው ላይ ግን ትንሽ ልከራከር። እሱ ብሩን የሚያገኘው ከዓሣው ነው። ዓሣ የሌለው ሰውስ?

የኔን ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ላይ ለመደበኛ ቪዲዮ 55 በመቶ ለሰሪው ይሰጣል። ለአጫጭሮቹ 45 በመቶ። ጥሩ ነው። ግን የማስታወቂያው ገቢ እንዲጀምርልህ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ቢያይልህ 80,000 ጊዜ መታየት አለብህ። እኔ እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። ገንዘቡ የሚገባው ውጭ ባለው ወንድሜ አካውንት ነው። 100 ዶላር ካልሞላ ደግሞ አይወጣም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። አሜሪካ ያለ አንድ ሺህ ተመልካች የሚያስገባው እዚህ ካለው አንድ ሺህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ የጀመርኩት በርካሽ ስልክ ላይ የቻርጅ ሶኬት እንዴት እንደሚቀየር በማሳየት ነው። አዳማ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠ ልጅ ሙያ እንዲሆነው ብዬ። አሁን የምሰራው «ከውጭ ለቤተሰብ የትኛውን ስልክ ልላክ» የሚል ነው። ማንም አላስገደደኝም። ብሩ እየጎተተ ወሰደኝ። የሶኬቱን ቪዲዮ የሚጠይቁኝ ልጆች አሁንም አሉ፣ አዝናለሁ።

እህታለም፣ ያንቺ ቦታ ለሐዋሳ ሰው ነው። ስለዚህ የማስታወቂያ ብር ያቆማቸዋል ብለሽ አትጠብቂ። ለማንም ቃል አትግቢ።

በትልልቆቹ ላይ የደረሰውንም እይ። ቫይን የሚባል ነበር፣ የስድስት ሰከንድ ቪዲዮ። ትዊተር ገዝቶት እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ተጀመረ። በጣም ተወደደ። በኋላ ዋና ዋናዎቹ ሰሪዎች፣ ወደ 18 ይሆናሉ፣ ተሰብስበው ከኩባንያው ጋር ተቀመጡ። ለያንዳንዳችን 1.2 ሚሊዮን ዶላር ክፈሉን፣ በየወሩ 12 ቪዲዮ እንሰራለን አሉ። ሰው የሚያውቀው ይሄን ብር ነው። እነሱ ግን ኮመንት ላይ የሚሰደቡት ስድብ እንዲቆም፣ አፑም እንዲሻሻል ጠይቀው ነበር። አልተስማሙም። ልጆቹ ተመልካቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ቫይን እንደሚዘጋ ተነገረ።

ተቃራኒውም አለ። ሰው ቪዲዮ ጌም ሲጫወት በቀጥታ የሚታይበት የማይክሮሶፍቱ ሚክሰር እ.ኤ.አ. በ2019 ኒንጃ የሚባለውን ዝነኛ የጌም ተጫዋች በብዙ ገንዘብ አስመጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ተዘጋ። ኒንጃን መግዛት ተቻለ። ተመልካቹ ግን የለመደውን ሰፈር ጥሎ አልመጣም። ያንቺ 8,000 ብርም ትንሿ ሚክሰር ናት።

ቲክቶክን ሁሉም የሚጀምርበት ምክንያት ግልጽ ነው። እዚያ አንድም ተከታይ ሳይኖርህ ያወጣኸውን ቪዲዮ ለማያውቁህ ሰዎች ያሳይልሃል። ሰው የመጀመሪያውን ቀን አንድ መቶ ዓይን ያገኛል። እኛ አገር ከተመልካች ብዛት የሚከፍለው ፕሮግራሙ የለም፣ ግን ልጆቹ አሉ። እዚህ ላይ ለዓሣው ልጅ እጄን እሰጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውን የሚይዘው መታየቱ ነው። ብሩ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፣ ቤት ኪራይ ሲጨምር።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ቁጥሩን በሌላ ዓይን እንየው።

34 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ ብዙውን እዚሁ ሐዋሳ። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣው አራት ወይም አምስት ነው። ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ሌሎቹ አይማሩም ማለት አይደለም። ይሰማሉ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለዚህ ጽፏል። በኢንተርኔት መሰባሰቢያዎች ከመቶ 90ው ያነባል ይመለከታል እንጂ ምንም አያወጣም፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ነው፣ አብዛኛውን የሚሰራው አንዱ ነው ይላል። በዚህ ስሌት ከ143 ሰው አንቺ መጠበቅ የነበረብሽ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። 9 አግኝተሻል። የሚያሳዝነው ከ9ኙ 5ቱ መሄዳቸው ነው። የሄዱት 139 ሳይሆኑ 5 ናቸው። ለነሱ ነው መደወል የነበረብሽ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ አሳየችኝ። እዚያ ያለው ወደ 15,000 ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። በአማርኛ የሚናገረው ሰው ግን በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ስለ ፍቼ ጨምበላላ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነውና በደንብ ይጻፍ ብዬ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። አስቀመጥኩት። ከዚያ ምንም። ጥሩ ነው ያለ የለም፣ ይሄ ስህተት ነው ያለም የለም። እኔ የተማሪ ደብተር ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ደብተሩ ላይ ቀይ ቀለም ያላየ ተማሪ የሚቀጥለውን የቤት ሥራ አይሰራም። ምልክቱ ትክክልም ይሁን ስህተት፣ መምህሩ እንዳነበበው ይነግረዋል። እኔም ሁለተኛ አልጻፍኩም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እንኳ የንቁ ጸሐፊዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ ማሽቆልቆል የጀመረው፣ አንዱ ምክንያት አዲስ ሰው የጻፈው ሳይገለጽለት እየተሰረዘበት ነው ይባላል። የኛው ግን በዝምታ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ካወጡት 61 ሰዎች ስንቱን አንቺ ራስሽ አንብበሽ፣ አይተሽ፣ አንድ ቃል ጻፍሽላቸው?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቆጠርኩ። ለ14 ሰው ነው የጻፍኩት። አብዛኛው «እናመሰግናለን፣ ቀጥሉበት» የሚል ነው። ስለ ሥራቸው ምንም አይልም። የአውራ ጣት ምልክት እንደመጫን ነው።

ወንድሜ የአሞራ ገደሉ፣ ያንተን ደግሞ አገኘሁት። ኖቲፊኬሽኑ ተልኳል። የተላከው ግን በኢሜይል ነው። ስንጀምር ኢሜይል ነፃ ስለሆነ እሱን መረጥን። አብዛኛው ሰው ደግሞ ስልክ ሲገዛ ሱቅ ውስጥ የተከፈተለትን፣ የይለፍ ቃሉን እንኳ የማያውቀውን ኢሜይል ነው የሞላው። ያንተም እንደዚያው ነው። መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ስንት እንደሆኑ አየሁ። 37 ናቸው። አንዷ እናት ቆጮ ስታዘጋጅ ያሳየችው ቪዲዮ ሥር ብቻ 8 ጥያቄ አለ። ስንት ቀን እንደሚቀበር፣ በምን እንደሚሸፈን። እሷ አላየቻቸውም። ከሄዱት 5 አንዷ እሷ ናት።

ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሦስት ሰዓትህን ወስደን የዲላውን ሰው ድምፅ እንኳ አላደረስንልህም።

አዳማ፣ ያልከውን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንደኛው ሬዲት የሚባለውን የውይይት ድረ ገጽ አነሳ። ሲጀመር መሥራቾቹ ራሳቸው በተለያየ ስም እየለጠፉ ቦታው ሰው ያለበት እንዲመስል አድርገዋል፣ እኛም እናድርግ አለ። እኔ አልፈልግም። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። ነገ ፒያሳ ላይ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ኮመንት የጻፈለት ሰው እኔ በውሸት ስም እንደሆንኩ ቢያውቅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? በገዛ ስሜ ብጽፍ ይሻለኛል።

ለፋሲካ ያሰብነውን ሁለተኛ ውድድር ትተናል። የያዝነውን 8,000 ብር ለ9ኙ በየወሩ የዳታ ፓኬጅ እንሞላበታለን፣ እስከቻለ ድረስ። ክፍያ ብለን አንጠራውም፣ ክፍያ አይደለምና። ቢያንስ ሲጭኑ ከኪሳቸው አይወጣም። የሚቋረጠውን ጭነት ካቆመበት እንዲቀጥል ጓደኛዬ ዛሬ እየሰራው ነው። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ በአጭር የስልክ መልእክት እንዲደርስ እናደርጋለን። ገንዘብ ያስወጣል። ይውጣ።

አንድ የማፍርበት ነገር ልጨምር። ቪዲዮ ሥር የቴሌግራም አድራሻ እንዳይለጠፍ ከልክለን ነበር። ሰው ወጥቶ እንዳይሄድብን ነበር ፍርሃታችን። አንተ ግን 380 ደንበኞችህ ያሉት እዚያ ነው። አድራሻህን ከገጽህ አናት ላይ ብናስቀምጠው ተመልሰህ ትሞክራለህ? ካልፈለግክም አልቀየምም፤ የቆጮዋን እናት ግን ነገ ቤቷ ድረስ ሄጄ 8ቱን ጥያቄዎች አነብላታለሁ።

አዳማ ጥገና

የውሸት ስሙን ስለተውሽው ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ። ፓኬጁን ለ9ኙ ስትሞዪ ለ4ቱ ቀድመሽ ሙዪ። የቆዩት ናቸው፣ እስካሁን ምንም አላገኙም። እኔም የሶኬቱን ቪዲዮ እናንተ ጋ ላውጣው? አዳማ ብሆንም ሐዋሳ ያለ ስልክም ሶኬቱ ያው ነው። እዚያ ብር ስለማይጎትተኝ፣ መጀመሪያ ልሰራ የፈለግኩትን እሰራለሁ።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

አውጣው እንጂ! አቶቴ ያሉ ሁለት ልጆች ስለ ጥገና ጠይቀውን ሰው አጥተን ነበር። እነሱን እጠራልሃለሁ፣ በስማቸው።

የአሞራ ገደል ልጅ

እህቴ፣ ይቅርታ አያስፈልግም። እኔም ስትደውዪ በግልጽ ብነግርሽ ኖሮ ያኔ ታስተካክዪው ነበር።

ተመልሼ ስለመሥራቱ ቃል አልገባም። ነፋስ ያለበት ሰሞን ነው፣ ሥራው ከብዷል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዲላው ሰውዬ አካውንት አሁንም አለ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

አለ። አየሁት። ባለፈው ሐሙስም ገብቶ ያንተን ቪዲዮ እንደገና አይቶታል።

የአሞራ ገደል ልጅ

እንግዲያው አፑን መልሼ እጭነዋለሁ። ቢላዋው ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ከአሮጌ መጋዝ ስለት የተሰራ ነው፣ እዚሁ ገበያ አካባቢ ያለ ብረት ቀጥቃጭ ነው የሚሰራልን። ነገ ጠዋት መረቡን ካወጣን በኋላ እሱ ጋ ሄጄ ሲስለው እቀርጻለሁ። ለዲላው ሰውዬ መሆኑን መጀመሪያ ላይ እናገራለሁ።